የሕዝብ ጥሪትና የአከፋፋዮቹ አደራ



ሰው ለወገኑ መስጠት የጀመረው ትናንት አይደለም። በእድር ቀብር የሚያስፈጽም፣ በደቦ የጎረቤቱን አዝመራ የሚሰበስብ፣ በማኅበር ዝክር የሚያበላ ሕዝብ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ምሳሌ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራም ያውቀዋል። ነገር ግን የእድር ገንዘብ ዛሬ ተዋጥቶ ነገ ለሚደርስ ኀዘን የሚውል ስለ ሆነ፣ ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ገንዘቡ ከሰጪው ዕድሜ አልፎ እንዲኖር በተፈለገ ጊዜ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ሰጪው ከሞተ በኋላ «ለማን ይሰጥ?» የሚለውን የሚቈርጠው ማን ነው? የዚህ ንግግር ዓላማ ይህን ጥያቄ መመርመር ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1790 የሞተው አሜሪካዊው ሊቅ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በኑዛዜው ለቦስተንና ለፊላዴልፊያ ከተሞች ለእያንዳንዳቸው 1,000 ፓውንድ ተወ። ገንዘቡም ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች ለሆነ፣ ትዳር ለያዙና በከተማው በአንድ ባለሙያ እጅ ሥራ ለተማሩ ወጣት የእጅ ሠራተኞች፣ በመቶ አምስት ወለድ እንዲበደር፣ ይህም ሥርዐት ለ200 ዓመት እንዲቀጥል አዘዘ። ፍራንክሊን ራሱ በወጣትነቱ ማተሚያ ቤት ያቋቋመው በወዳጆቹ ብድር ስለ ነበር፣ ሐሳቡ ከልምድ የመነጨና በጎ ነበር። ሆኖም ፋብሪካ በተስፋፋ ጊዜ በባለሙያ ቤት ተቀምጦ ሙያ መማር እየቀረ ሄደ፤ የኑዛዜውን ቃል የሚያሟላ ተበዳሪም እየጠፋ መጣ። ገንዘቡ ሲያድግ በሩ ጠበበ። እንዲህ ያለውን ነገር የሕግ ሰዎች «የሙት እጅ» ይሉታል፤ ሟች በመቃብር ሆኖ የሕያዋንን ሥራ ያዛልና።

ይህን ችግር ከተመለከቱት ሰዎች አንዱ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ይኖር የነበረው ፍሬደሪክ ጎፍ ነው። ጎፍ አስቀድሞ የሕግ ጠበቃ የነበረ ሲሆን፣ ከ1908 ጀምሮ የሰዎችን ንብረት በአደራ የሚያስተዳድር ባንክ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠራ። በ1914 መጀመሪያም የክሊቭላንድ ፋውንዴሽን በእርሱ አሳብ ተቋቋመ። ይህም በዓለም የመጀመሪያው የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ሆነ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ባለጸጋውም ሆነ ጥቂት ያለው ሰው ሀብቱን ለከተማው ሕዝብ ይተዋል፤ የብዙዎች ስጦታ በአንድነት ይጠበቃል፤ ከሚገኘውም ገቢ ሕሙማንን ለሚያስታምሙ፣ ልጆችን ለሚያስተምሩና ችግረኞችን ለሚረዱ የከተማው ማኅበራት ርዳታ ይሰጣል። ሰጪው የወሰነው ዓላማ በዘመን ብዛት የማይጠቅም ወይም የማይቻል ሆኖ ሲገኝ፣ ኮሚቴው ገንዘቡን ወደ ሌላ ጠቃሚ ተግባር ለማዛወር ሥልጣን አለው።

ይህ ሥልጣን ቀላል አይደለም። የሙት እጅ ሲለቅ የሕያዋን እጅ ይይዛልና፣ የሕያዋን እጅ ደግሞ ለዘመድና ለወዳጅ ሊያደላ ይችላል። ስለዚህ ጎፍ የማከፋፈሉን ሥራ ለባንኩ ብቻ አልተወም። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት ሁለቱ በባንኩ፣ አንዱ በከተማው ከንቲባ፣ ሁለቱ በዳኞች እንዲመረጡ ተደነገገ። ከአንድ የሃይማኖት ወገን ከሁለት ሰዎች በላይ እንዳይገቡ፣ የፖለቲካ ሹመት የያዘ ወይም የሚፈልግ ሰውም አባል እንዳይሆን ተከለከለ። አባላቱ የከተማውን ሕዝብ የትምህርትና የኑሮ ችግር የሚያውቁ እንዲሆኑም ተጠየቀ።

ፋውንዴሽኑ በተቋቋመ ጊዜ በኑዛዜ የተተወለት ሀብት ገና በእጁ አልገባም ነበር፤ ተናዛዦቹ በሕይወት ነበሩና። ይሁን እንጂ የሚሰጠው ገንዘብ ሳይኖረው ሥራ አልፈታም፤ የከተማውን ችግር ማስጠናት ጀመረ። በ1915 እና በ1916 በሊዮናርድ ኤርስ መሪነት የክሊቭላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተመረመሩ፤ ውጤቱም በ25 መጻሕፍት ታተመ። ከእነዚህም አንዱ ስለ መምህራኑ፣ አንዱ ስለ ትምህርት ቤት ጤና አጠባበቅ፣ አንዱ ስለ መማሪያ ክፍሎች መጨናነቅ፣ አንዱም ከባሕር ማዶ ስለ መጡ ቤተሰቦች ልጆች የሚናገር ነበር። ከመስጠት በፊት መጠየቅ፣ ከመፍረድም በፊት ማየት እንደሚገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በ1915 ቺካጎና ቦስተንም ተመሳሳይ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዛሬ እንዲህ ያሉት ፋውንዴሽኖች በዓለም ከአንድ ሺህ በላይ ናቸው።

አሳቡ ለምሥራቅ አፍሪካም እንግዳ አይደለም። ኬንያ በ1963 ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል ለሕዝባቸው መጥሪያ አደረጉት፤ ትርጓሜውም «በአንድነት እንሳብ» እንደ ማለት ነው። ወላጆች ሽልንግ አዋጥተው፣ ድንጋይና እንጨት ተሸክመው ብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠሩ። ነገር ግን ሕንጻው ከቆመ በኋላ የሠለጠነ መምህርና የማስተማሪያ መሣሪያ ያጡት ጥቂቶች አልነበሩም። አንድ ጊዜ የተዋጣ ገንዘብ ግድግዳ ያቆማል እንጂ በየዓመቱ የሚፈለገውን ወጪ አይሸፍንም። በ1997 የተመሠረተው የኬንያ የማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው አዋጥተው ዘላቂ ጥሪት እንዲያቆሙ ሲያበረታታ፣ ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት መጣሩ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንድረስ። ጥሪቱ ተጠብቆ፣ ኮሚቴው ተመርጦ፣ ማኅበራቱ ማመልከቻቸውን ይዘው በቀረቡ ጊዜ ፈራጁ በምን ይፈርዳል? ሁለት ማኅበራትን በአሳብ እንመልከት። አንደኛው በከተማ ያለ፣ ጸሐፊ የቀጠረ፣ ሒሳቡን በመኪና ያስጻፈ፣ ዓላማውንም በሚያምር ቃል የዘረዘረ ነው። ሁለተኛው በገጠር ያሉ እናቶች፣ ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ልጆች ተካፍለው የሚያሳድጉበትና ትምህርት ቤት የሚልኩበት ማኅበር ነው፤ ማመልከቻው አንድ ገጽ፣ ፊደሉም የተሳሳተ ነው። ኮሚቴው ወረቀቱን ብቻ ካየ ገንዘቡ ወደ ከተማው ይሄዳል። ይህም አድልዎ ተብሎ አይከሰስም፤ ሁሉም በደንቡ መሠረት ተፈጽሟልና። የሚጐዱት ግን ልጆቹ ናቸው።

መምህር ይህን ፈተና ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። የጽሕፈቱ ማማር የዕውቀት ምልክት አለመሆኑን፣ ዝም የሚለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሚናገረው የበለጠ እንደሚያውቅ በየቀኑ ያያል። ስለዚህ መምህር በኮሚቴ አባልነት ሲመረጥ «ማኅበሩን ሄዶ ያየው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እንደዚሁም ርዳታው ለዕቃ ብቻ ሲፈቀድ፣ ዕቃውን የሚጠብቀው ሰው ደመወዝ ከየት እንደሚገኝ መጠየቅ አለበት፤ መጽሐፍ ተሰጥቶት ጠባቂ ያልተሰጠው ቤተ መጻሕፍት በቍልፍ ተዘግቶ አቧራ ይጠጣልና።

ይህ ማለት ግን ድኻ ማኅበር ሒሳብ አይጠየቅ ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሕዝብ አደራ ስለ ሆነ፣ አንድ ብርም ቢሆን በምን እንደ ዋለ መታወቅ አለበት። ሒሳብ መያዝ ያልቻለን ማኅበር ማባረር አንድ ነገር ነው፤ ሒሳብ እንዲይዝ ማስተማር ሌላ ነው። እናቶቹ ገቢና ወጪያቸውን በደብተር እንዲለዩ፣ ቃለ ጉባኤያቸውን እንዲጽፉ፣ ማመልከቻቸውንም በራሳቸው ቃል እንዲያዘጋጁ ለመርዳት በሰፈሩ ካለው መምህር የተሻለ ማን ይገኛል? ይህ ሥራ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ጥቂት ቅዳሜዎችን ይጠይቃል፤ ፍሬው ግን በክፍሉ ውስጥ ይታያል፤ ማኅበሩ ያሳደገው ልጅ ደብተር ይዞ ይመጣልና።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ፍራንክሊን ለ200 ዓመት ማሰቡ ያስመሰግነዋል፤ ጎፍ ደግሞ የሚመጣው ትውልድ ለራሱ ማሰብ እንደሚችል በማመኑ ይመሰገናል። ይህ እምነት ግን ባለዕዳ ያደርጋል። ሟቹ «እናንተ ፍረዱ» ብሎ ጥሪቱን ትቶ ሲሄድ፣ ሕያዋኑ ሳያዩ ቢፈርዱ አደራውን በልተዋል ማለት ነው። እያዩ መፍረድን ለነገ አከፋፋዮች የሚያስተምራቸው የዛሬው መምህር ነው፤ ኮሚቴ የሚሆኑትም፣ ማኅበር የሚያቋቁሙትም ዛሬ በፊቱ ተቀምጠው ፊደል የሚቈጥሩት ልጆች ናቸው።