ሦስት ሰርቨር፣ አንድ መስመር፦ የክላስተር አተካከል ከሰመራ እስከ ጭፍራ



«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል የክላስተርን ዓላማ በሚገባ ይገልጸዋል። ለአንድ ሰርቨር የከበደው ሥራ ለብዙዎች ሲከፋፈል ይቀልላል፤ አንዱ ሲወድቅም ሌላው ሸክሙን ያነሣለታል። ይሁን እንጂ ተሸካሚዎቹ ሁሉ በአንድ ድልድይ ላይ ከቆሙ፣ ድልድዩ በተሰበረ ጊዜ ብዛታቸው አያድናቸውም።

ጭፍራ ከሚሌ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ የአፋር ወረዳ ከተማ ናት። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳ ኔት የአገሪቱን ወረዳዎች ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት ማገናኘቱ ይታወሳል። እንግዲህ ለአፋር ጤና ጣቢያዎች መዝገብ የሚሆን ክላስተር በሰመራ ይተከል ቢባል፣ «ከሦስቱ ሰርቨሮች አንዱ ለምን ጭፍራ አይሆንም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ሐሳቡ መልካም ቢመስልም አሠራሩ አይፈቅድም። የክላስተር አባላት በሕይወት መኖራቸውን እርስ በርሳቸው ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ። አፓቼ ቶምካት ሲተከል ይዞት በሚመጣው ቅንብር ይህ ምልክት በየ500 ሚሊሰከንዱ ይላካል፤ ለ3 ሰከንድ ድምፁ የጠፋ አባል እንደ ሞተ ይቆጠራል። በ36,000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለ ሳተላይት በኩል ግን ጥያቄና መልስ ብቻውን ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል።

ከዚህም የባሰ አለ። መስመር ሲቋረጥ ሁለቱም ወገኖች መጻፋቸውን ቢቀጥሉ አንድ መዝገብ ሁለት እውነት ይይዛል። ይህን ለመከላከል በድምፅ ብልጫ የሚሠራ ክላስተር ከሦስት ሁለቱ የተገናኙበትን ወገን ብቻ ያሠራል። ስለዚህ የጭፍራው ብቸኛ ሰርቨር ሥራ የሚያቆመው መስመሩ በጠፋበት፣ ማለትም ነርሷ አጥብቃ በምትፈልገው ሰዓት ነው።

ሒሳቡም ይመሰክራል። ከ100 ሰዓት 99ኙን የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮች ብልሽታቸው የማይያያዝ ከሆነ፣ ሁለቱም ባንድነት የሚቆሙት ከ10,000 ሰዓት አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱም ከ100 ሰዓት 5ቱን በሚጠፋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ከተሰኩ ግን ያ ትርፍ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለሆነም ሦስቱ ሰርቨሮች በሰመራ በፈጣን መስመር ይያያዙ፤ ኃይላቸውና ማቀዝቀዣቸው ግን ይለያይ። ዳታቤዙም ምትክ ይኑረው፤ አለዚያ ድልድዩ እርሱ ይሆናል። ለጭፍራ ደግሞ ራሱን የቻለ አነስተኛ ኮምፒዩተር ይሰጥ፤ መረጃውን እዚያው መዝግቦ፣ መስመር ሲመለስ ለሰመራ ያስተላልፍ። እያንዳንዱ መዝገብ የማይደገም መለያ ቁጥር ከያዘ ሁለት ጊዜ ቢላክም አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል።

ጭፍራ በ2014 ዓ.ም. የጦርነት አውድማ እንደነበረች ለሚያስታውስ፣ መስመር ለሳምንታት ሊጠፋ ይችላል ብሎ ማሰብ የተጋነነ ሥጋት አይሆንም። በመጨረሻም ክላስተር ተተከለ የሚባለው ሰርቨሮቹ ስለበሩ አይደለም። ሠራተኞች ሥራ ላይ ሳሉ የአንዱ ሰርቨር ገመድ ሆን ተብሎ ተነቅሎ፣ ማንም ሳያውቀው ሥራው ሲቀጥል ነው።