የሐኪም ሙያ ከሐኪሙ በኋላ፦ ከሊመሪክና ከመቅደላ እስከ ዲክሲስ



በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከትውልድ አገራቸው ርቀው የሠሩ የሁለት ሐኪሞችን ሕይወት አነጻጽራለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ የሐኪም ሙያ ከሐኪሙ ዕድሜ በላይ የሚዘልቀው በምንድን ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድሪው ሴክስተን ግሬይ በ1826 በአየርላንድ ሊመሪክ ተወለዱ። በደብሊን የቅዱስ ማርቆስ የዓይን ሆስፒታል የዊልያም ዋይልድ ረዳት ነበሩ። ከታላቁ ረኀብ ጋር ተያይዞ በአየርላንድ የድኾች መጠለያዎች ተላላፊ የዓይን በሽታ ተስፋፍቶ ነበርና፣ ዋይልድ ወረርሽኙን አጥንተው ጽፈዋል። ግሬይ የዚህን ሰው ሙያ ቀስመው ወደ አውስትራሊያ ተሰደዱ፤ በ1863 በሜልቦርን የዓይንና የጆሮ ሕክምና ተቋም መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬም ሆስፒታል ሆኖ ያክማል፤ ባለሙያ ያሠለጥናል።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ግን ስደትን አልመረጡም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ገና ሕፃን ነበሩ፤ ወደ ህንድ ተወስደው ቻርልስ ማርቲን በሚል ስም አደጉ። በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ በስኮትላንድ ተጨማሪ ትምህርት ቀስመው በበርማ አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ ቤተ ዘመዶቻቸውን አገኙ፤ የትውልድ ስማቸውንም መልሰው ያዙ። ወደ በርማ ተመልሰው በ1908 እንደገና መጡ። ኋላም ድካማቸው ከሕክምና ይልቅ በትምህርትና በመንግሥት አገልግሎት ላይ ዋለ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ።

በ1952 ሲያርፉ በኢትዮጵያ የሕክምና ፋኩልቲ አልነበረም፤ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1964 ነው። የሁለቱ ልዩነት የችሎታ አይደለም። ግሬይ ሙያቸውን የሚያኖሩበት ቤት ሠሩ፤ ሐኪም ወርቅነህ ግን ገና መሠረቱ ያልተጣለ አገር ነበር የጠበቃቸው። ፊታቸውን ወደ ትምህርት ማዞራቸውን ከሕክምና እንደ መራቅ አላየውም፤ ከሥሩ እንደ መጀመር እንጂ።

ይህ ለእኛ ለአርሲዎች ሩቅ ታሪክ አይደለም። በዲክሲስ ሳድግ እናቶች ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲነቅሉ አይቻለሁ። ትራኮማ የዐይን ቆብን ደጋግሞ ያቆስላል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ብርሃን ያሳጣል። በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ የመጣ ነበር።

የታጠፈ ቆብ ቀዶ ሕክምና ዛሬ በጤና ጣቢያ፣ ለዚሁ በሠለጠኑ ነርሶች እጅ ይሠራል። ስለዚህ ተመራቂዎቻችን ወዴት እንደሚሄዱ ብቻ መጠየቅ አይበቃም። ሐኪም ይሄዳል፤ ግሬይም ከአየርላንድ ሄደዋል። ሊያስጨንቀን የሚገባው፣ አንዱ ሲሄድ በጤና ጣቢያው ያሠለጠነው ሰው፣ የተሟላ መሣሪያና በሥርዓት የተያዘ መዝገብ መቅረት አለመቅረቱ ነው። ይህ ካልቀረ፣ ዲክሲስ ላይ ያለችው እናት ዛሬም መተማመኛዋ ወረንጦዋ ነው።