ቀጠሮ ያለው ተስፋ



ጋምቤላ ላይ ቆሞ ስለ ተስፋ የሚናገር ሰው አስቀድሞ ቁጥሩን መጥራት አለበት። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆነ የክልሉ ነዋሪዎች ዘንድ ያለው የኤችአይቪ ሥርጭት 4.8 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። የአገሪቱ አማካይ 0.9 ነበር።

መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊት ለታማሚ የሚሰጠው ተስፋ «አይዞህ» የሚል ቃል ብቻ ነበር። ቃሉ ከልብ ቢሆንም ጠያቂው ከቤት ሲወጣ አብሮት ይወጣል። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ ሲታደል ግን የተስፋው ይዘት ተለወጠ። «እድን ይሆን?» ይል የነበረው ሰው «ልጄን ለቁም ነገር አበቃለሁ» ማለት ጀመረ። መድኃኒቱን በአግባቡ የምትወስድ እናት ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅ መውለድ ትችላለች። በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የወረደ ሰውም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለፍቅር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህን ያላወቀ ታካሚ ኪኒኑን ይውጣል እንጂ ነገን አያቅድም።

እምነትን የመድኃኒት ባላንጣ የሚያደርጉ አሉ። የያኔው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ግን በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ቢወሰዱ እንደማይጣሉ መናገራቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ የጤና ትምህርት የበለጠ ሰሚ አግኝቷል።

የጋምቤላን ተስፋ ግን መንገድና ውኃ ይወስኑታል። ክረምት ሲገባ የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በጂካዎና በአኮቦ ወረዳዎች በኩል መንገዱ ይቆረጣል። በበጋ ደግሞ የኑዌር አርብቶ አደር ከብቱን እየነዳ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ድረስ ና የሚባል ሰው ቀጠሮውን ቢያሳልፍ «ጠፋ» ተብሎ ይመዘገባል። እሱ አልጠፋም፤ የት እንዳለ ከብቱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ድንገት ሲቆም ደግሞ በአገሪቱ በኤችአይቪ ሥራ ላይ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውል ተቋርጧል። ታካሚውን ስልክ ደውሎ፣ ቤቱ ሄዶ የሚፈልገው ሰው ሲቀነስ «ተስፋ አትቁረጥ» ማለት ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል።

ጤናቸው ለተረጋጋ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የመስጠት አሠራር በአገራችን አለ። እዚህ ላሉት የጤና ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ ለአኮቦና ለጂካዎ ታካሚ የሚሰጠው የስድስት ወር ኪኒን ግንቦት ላይ፣ ባሮ ሳይሞላ፣ እጁ ይግባ።