ሠሪው ማን ነው? በአጭር ጠመንጃ ላይ ስለሚቀረጽ ምልክት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ለሕግ ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



በአሜሪካ የሚኖር ደንበኛ ከመደብር የገዛውን ረጅም ጠመንጃ አፈሙዝ አውልቆ አጭር ሊገጥምለት ቢያስብ፤ «የፋብሪካው ስምና ቁጥር ተቀርጾበት የለምን? ሌላ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው የዋህ ይመስላል፤ መልሱ ግን ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የአገሪቱ የጦር መሣሪያ ሕግ፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰውን ጠመንጃ በመዝገብ እንዲገባ ያዛል። በሕጉ ዓይን ብረት ያቀለጠው ብቻ ሳይሆን ያሳጠረውም «ሠሪ» ነው። ስለዚህ ደንበኛው አስቀድሞ ማመልከትና ፈቃዱን በእጁ መያዝ አለበት፤ ፈቃዱ ሳይደርሰው አፈሙዙን መለወጥ ወንጀል ነው።

የምልክቱም ነገር እንዲሁ ነው። በዋናው አካል ላይ ያለው የፋብሪካው መለያ ቁጥር ደንቡን የሚያሟላ ከሆነ ያው ቁጥር ያገለግላል። የአዲሱ ሠሪ ስም፣ ከተማና ክፍለ ግዛት ግን ይጨመራል። ማመልከቻው የቀረበው በአደራ ንብረት ስም ከሆነ የሚቀረጸው የዚያው ስም እንጂ የግለሰቡ አይደለም። ጽሑፉ ከብረቱ ገጽ ቢያንስ 3 ሺኛ ኢንች መጥለቅ ይገባዋል፤ የመለያ ቁጥሩም ቁመት ከኢንች 1/16ኛ ማነስ የለበትም። በቀለም መጻፍ ወይም በላዩ መለጠፍ አይበቃም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ምን ነው? የፋብሪካው ምልክት ጠመንጃው ረጅም ሆኖ ከየት እንደ ወጣ ብቻ ይነግረናል፤ ማን እንዳሳጠረው የሚነግረን ሁለተኛው ስም ነው። ወረቀት ይጠፋል፤ መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በብረት የጠለቀ ስም ግን ይመሰክራል።

እስከ 2025 መጨረሻ ይከፈል የነበረው የ200 ዶላር ግብር ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ወደ ዜሮ ወርዷል። «ግብሩ ከቀረ ሁሉም ቀረ» የሚል ሰው ቢመጣባችሁ አስጠንቅቁት። ማመልከቻውና ምልክቱ ከግብሩ ጋር አልተሰረዙም፤ ሕጉን መጣስ እስከ 10 ዓመት እስራት ያስከትላል። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶችም አጭር ጠመንጃን ፈጽሞ ይከለክላሉ።

እንግዲህ ደንበኛችን መፍቻውን ከማንሳቱ በፊት ምክራችን ይድረሰው። ከዚያ በኋላ የሚደርሰው ምክር ሳይሆን ጥብቅና ነውና።