ከአድሪያን የራስ ቁር እስከ ቡሽ ባርኔጣ
(በሮም ለኢትዮጵያውያን ጉባኤ የቀረበ ዲስኩር)



በዚህች በሮም ከተማ የጦርነት መታሰቢያ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የዶጋሊ ሐውልት አለ፤ ራስ አሉላ በጥር 1887 ለደመሰሱት የጣልያን ጦር የቆመ ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በፖርታ ፒያ ደግሞ የበርሳሊዬሪ ወታደሮች ሙዚየም ይገኛል። እኔ ግን ዛሬ ከሐውልቱ ይልቅ ወታደሩ ራሱ ላይ የደፋውን እንድንመለከት እፈልጋለሁ። አንድ የጦር አዛዥ ወታደሬን ምን ይገድልብኛል ብሎ እንደሚሰጋ ከንግግሩ ይልቅ ለወታደሩ ያደለው ቆብ ይመሰክርበታል ብዬ ስለማምን ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፈረንሳይ ነው። በነሐሴ 1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የፈረንሳይ እግረኛ ወደ ግንባር የዘመተው ቀይ ሱሪ ታጥቆ፣ ኬፒ የሚባለውን የጨርቅ ቆብ ደፍቶ ነበር። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ጦሩ ሁሉ ምሽግ ቆፍሮ ተቀመጠ። ምሽግ ገላን ይከልላል፤ ራስን ግን ከአየር ላይ ፈንድቶ ፍንጣሪውን ለሚያዘንበው መድፍ አሳልፎ ይሰጣል። በራሱ የቆሰለው ሰው በዛ፤ ጨርቅ ደግሞ ምንም አያድን።

መላ የፈጠረው ኦገስት ሉዊ አድሪያን ክፍለ ጦር የሚመራ ጄኔራል አልነበረም። በትምህርቱ መሐንዲስ፣ በሹመቱ የስንቅና የትጥቅ ኃላፊ ነው፤ ወታደሩ ምን ይልበስ፣ የት ይደር የሚለው ነበር ጭንቀቱ። ተነቅሎ የሚተከለው የእንጨት የወታደር ቤትም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አድሪያን በ1915 መጀመሪያ ላይ ከኬፒው ሥር የሚደፋ ጎድጓዳ ብረት አሠራ፤ 700 ሺህ ያህል ተመርቶ ታደለ። ሐሳቡ የመጣለት የምግብ ሳህኑን ከቆቡ ሥር አድርጎ ከሞት የተረፈ ቁስለኛ አግኝቶ ነው ይባላል። ታሪኩ ከመጠን በላይ ስላማረ እጠራጠረዋለሁ፤ ቢሆንም ሳልነግራችሁ ማለፍ አልሆነልኝም። ብረቱ ይቆረቁራል፣ ያልባል፤ ወታደሩም አልወደደውም።

ከዚያ በኋላ ነው ሙሉው የራስ ቁር የመጣው። ቅርጹን የወሰደው ከፓሪስ የእሳት አደጋ ተከላካዮች ቁር ነው። ላሜራው 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ይወፍራል፤ ክብደቱም 700 ግራም ገደማ ነው። አናቱ ላይ ያለውን ሸንተረር ያየ ሰው ጌጥ ይለዋል። ነገር ግን የአየር መተንፈሻውን ቀዳዳ ይሸፍናል፤ ከላይ የሚወርደውን ፍንጣሪም ወደ ጎን እንዲያንሸራትት የታሰበ ነው። በመስከረም 1915 በሻምፓኝ ግንባር ማጥቃቱ ሲጀመር በብዛት ወታደሩ ራስ ላይ ነበር። ከቅርብ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ይበሳዋል፤ ጥይት እንዲያቆምም አልተሠራም። አድሪያን ያሰላው ሌላ ሒሳብ ነው፤ ብዙውን ሰው የሚገድለው ምንድን ነው? እሱን የሚመክት ነገር በጥቂት ወር ውስጥ ለሚሊዮን ሰው ማዳረስ ይቻላል ወይ?

ጣልያን በግንቦት 1915 ጦርነቱን ስትቀላቀል ይህን ሒሳብ ገና አልሠራችም። የሚላኖው ፌሩቾ ፋሪና ያቀረበው ከሁለት ኪሎ በላይ የሚመዝን ወፍራም ቁርና የደረት ጥሩር ነበር። የተሰጠውም እሾሃማ ሽቦ ሊቆርጡ ለሚላኩ ጥቂት ደፋሮች ነው፤ እነሱንም ሕዝቡ የሞት ጓድ ይላቸው ነበር። የቀረው እግረኛ በጨርቅ ቆቡ ቀረ። ለጥቂቶች ወፍራም፣ ለቀሩት ምንም! እንደ እኔ ፍርድ የፋሪና ብረት ቢወፍርም የአድሪያን ላሜራ ይበልጠዋል። ሮምም በኋላ ይህንኑ ተረዳች፤ በ1915 መጨረሻ ከፈረንሳይ አስመጣች፣ በ1916ም የራሷን ማምረት ጀመረች። ፈረንሳዮች ከአራት ቁራጭ ይገጣጥሙት የነበረውን የጣልያን ፋብሪካዎች ቁራጩን ቀንሰው አቀለሉት።

በርሳሊዬሪዎች ግን የቆባቸውን መለያ ላባ አንለቅም አሉ። ከሩቅ እንዳይታይ ተብሎ ግራጫማ አረንጓዴ በተቀባ ብረት ላይ ላባ ተከሉበት! የሮም ልጅ ኤንሪኮ ቶቲ አንድ እግሩን በባቡር አደጋ አጥቶ ሳለ ከእነሱ ጋር ዘምቶ በነሐሴ 1916 ሞንፋልኮኔ አጠገብ ወደቀ። ክራንቹን ወደ ጠላት ወረወረ፣ ሲሞትም የቁሩን ላባ ሳመ ተብሎ ተተረከ። ትረካው ለጦርነቱ ቅስቀሳ ተብሎ ሳይዳብር አልቀረም፤ ሰውየው ግን እውነተኛ ነው፣ ሐውልቱም ፒንቾ ኮረብታ ላይ ይታያል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጣልያን በ1933 አድሪያንን የሚተካ፣ ሸንተረር የሌለው፣ ጠንካራ አዲስ የብረት ቁር አወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ አገራችንን ስትወር ግን በአብዛኛው ፎቶግራፍ ላይ የምናየው ነጭ ወታደር የደፋው ያን ብረት አይደለም፤ የቡሽ የፀሐይ ባርኔጣ ነው። ከቅኝ ግዛቷ የተመለመለው አስካሪማ ታርቡሽ የሚባለውን የጨርቅ ቆብ ነበር ያደረገው። ይህ ምን ይነግረናል? የብረት ቁር መድፍ ላለው ጠላት ነው። ኢትዮጵያ መድፍ እንደሚያጥራት ሮም ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ስለዚህ ከመድፋችን ይልቅ ፀሐያችንን ፈራች። የአስካሪው ታርቡሽ ደግሞ ከፀሐይም ከመድፍም አያድን፤ የእሱ ራስ በማን ሒሳብ ውስጥ እንደገባ እናንተው ፍረዱ።

በእኛ በኩል በቤልጂግ መኮንኖች የሠለጠነው የክቡር ዘበኛ ጦር የጨርቅ ቆብ ነበረው። ከባላገሩ ዘማች ብዙው ራሱን በሻሽ አስሮ ወይም ባዶውን ነበር፤ ጀግናው ጎፈር ደፍቷል። ጎፈር የገዳይነት ክብር ነው፤ ከአውሮፕላን ቦምብ እንዲያድን ማንም አልጠበቀውም።

ለእኛ ሰው የብረት ቁር ቢታደለውስ ኖሮ? ለቦምብ ፍንጣሪ ይጠቅመው ነበር። ከታኅሣሥ 1935 ጀምሮ በተከዜ አካባቢ ከአውሮፕላን ለተጣለው የሰናፍጭ ጋዝ ግን ብረትም ቡሽም መልስ አልነበራቸውም። ጋዙ ዓይንና ሳንባ ይገባል፣ ቆዳ ይልጣል፤ በባዶ እግሩ የሚሄደውን ሰው ከረገጠው ሣር ይይዘዋል። ጣልያን እንዲህ ያለውን መሣሪያ ላለመጠቀም የ1925ቱን የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ ነበር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ጋዝ መጣሉን ለፓርላማ ያመኑት በ1996፣ ማለትም ከ60 ዓመት በኋላ፣ እዚሁ ሮም ውስጥ ነው።