ተረት የሚነግሩ ጨዋታዎች
(በትምህርት ቤታችን ዓመታዊ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)





የመረጥነው ርእስ ጌም ነው። ይህን ስንል ከወላጆች መካከል ፊታቸውን ያጠቆሩ መኖራቸውን እናያለን፤ አንፈርድባቸውም። የደብተርና የእስክሪብቶ መግዣ ተብሎ የተሰጠን ገንዘብ ፕሌይስቴሽን ቤት የቀረበት ጊዜ አለ። «ቤተ መጻሕፍት ነበርን» ብለን የዋሸንበትም ቀን አለ። ይህን በአደባባይ ስንናገር እናፍራለን፤ ዳሩ ግን ጥፋታችንን ሳናምን ስለ ጥቅሙ ብንናገር ማን ያምነናል?

እንግዲህ የምንናገረው ስለ ኳስ ግጥሚያውና ስለ ተኩሱ ጌም አይደለም፤ እነርሱን የማያውቅ የለም። የምንናገረው በጥቂት ሰዎች ጉልበትና በአነስተኛ ገንዘብ ተሠርተው ታሪክ ስለሚነግሩ፣ በከተማችን ግን ስማቸው ስለማይነሣ ጨዋታዎች ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ እንደ መጽሐፍ አንባቢ ታሪኩን ይከተላል። በብዙዎቹም መንገዱ ሁለት በሆነበት ስፍራ ሁሉ «አሁን ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ፍጻሜውም እንደ መልሱ ይሆናል።

የመጀመሪያው በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኔቨር አሎን» ነው። በአላስካ የበረዶ አገር ኢኑፒያት የሚባሉ ሕዝቦች ይኖራሉ። የዚያ አገር ነባር ሕዝቦች ማኅበር ከጨዋታ ሠሪዎች ጋር ተባብሮ ከአባቶች ተረት አንዱን ጌም አደረገው። ኑና የምትባል ልጃገረድ ከአንዲት ነጭ ቀበሮ ጋር ሆና የማያባራው የበረዶ ማዕበል ከየት እንደሚነሣ ልትመረምር ትሄዳለች። ተራኪው የሚናገረው በገዛ ቋንቋቸው ነው፤ ለሌላው ሰው ትርጉሙ ከታች ይጻፍለታል። ሠሪዎቹ ተረቱን እንዲሁ አልወሰዱም፤ ተረቱን ይነግሩ የነበሩት አዛውንት በሕይወት ስላልነበሩ ልጃቸውን ፈቃድ ጠይቀዋል። በጉና ብርድ ከምድጃ ዳር ተቀምጠን የአያቶቻችንን ተረት ሰምተን ላደግን ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን የእኛ ተረት እስከ ዛሬ ከምድጃው ዳር አለመነሣቱ ነው።

ሁለተኛው በ2017 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የተሠራው «ቤሪ ሚ፣ ማይ ላቭ» ነው። ትርጉሙ «ቅበሪኝ፣ ፍቅሬ» ማለት ሲሆን፣ ሶርያውያን «ከእኔ በፊት አትሙቺብኝ» ለማለት የሚሰነባበቱበት ቃል ነው። ኑር የምትባል ሴት ከጦርነት ሸሽታ ወደ አውሮፓ ትጓዛለች። ተጫዋቹ በአገር የቀረው ባሏ ነው። ሥራው በስልክ የምትልከውን መልእክት ማንበብና መምከር ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ መልስ ሳይመጣ ብዙ ሰዓት ያልፋል። ስልኩን ይዘን ዝም ብለን ስንጠብቅ፣ ልጃቸው በመተማ በኩል ወጥቶ ከሱዳን ወይም ከሊቢያ ይደውላል ብለው ሌሊቱን የማይተኙ ጎረቤቶቻችን ትዝ አሉን። የእነርሱን ጭንቀት ከዚያ በፊት በወሬ ሰምተነው ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ጥቂቱ በእኛም ላይ ደረሰ።

ሦስተኛው በፖላንድ አገር በዋርሶ ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ዚስ ዎር ኦቭ ማይን» ነው። ዕድሜው 18 ላልሞላ ሰው አልተፈቀደምና የተጫወትነው ከመካከላችን ዕድሜው የደረሰው ብቻ ነን። ለዚህ ጨዋታ ምክንያት የሆነው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የሳራዬቮ ከተማ መከበብ ነው። ተጫዋቹ ወታደር አይደለም፤ በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ሰዎችን ይጠብቃል። ቀን ተደብቀው ይውላሉ፤ ሌሊት አንዱ ምግብና መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት የሚኖሩበት ቤት አለ፤ መድኃኒትም እህልም አላቸው፤ የሚከላከልላቸው የለም። በቤታችን ደግሞ የታመመ ሰው አለ። ምን እናድርግ? ከመካከላችን አንዱ ወሰደ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተናገረም።

በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጉና ደርሶ በደብረ ታቦር ከባድ መሣሪያ በተተኮሰ ጊዜ እኛ ገና ልጆች ነበርን። ያን ጊዜ ትልልቆቹ በየቤቱ ምን ዓይነት ምርጫ ቀርቦላቸው እንደ ነበር ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። የፖላንድ መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ ንባቦች ጋር እንደሚያገባው ማስታወቁ አላስደነቀንም። እኛ ከተጫወትን በኋላ ወላጆቻችንን ጠየቅን፤ እነርሱም ነገሩን።

ምናልባት «ይህ ሁሉ የባለጸጎች አገር ሥራ ነው» ትሉ ይሆናል። ሉዋል ማየን የሚባል የደቡብ ሱዳን ተወላጅ ያደገው በሰሜን ኡጋንዳ በስደተኞች ሰፈር ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ቆጥበው በ300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት። እርሱም በዚያ ጌም መሥራት ተምሮ «ሰላም» የሚባል ጨዋታ ሠራ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ የሚባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫና የገበጣን ጨዋታ በስልክ አውጥቷል።

ታሪክስ ከጉና ሰዎች ይልቅ ማን አለው? ጋፋት ከደጃችን ናት። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት በዚያ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ መንገድ እየተቆረጠ፣ ገደል እየተናደ፣ ሰው ጎተተው፤ ጉዞውም ወራት ፈጀ። ይህን ጌም ብናደርገው ተጫዋቹ ንጉሠ ነገሥቱ አይሆንም፤ ከጎታቾቹ አንዱ ይሆናል። ዛሬ መንገድ ትቆርጣለህ ወይስ ለተራበው ጓደኛህ እህል ትፈልጋለህ? እህሉስ ከማን ጎተራ ነው? ይህን ጥያቄ የመለሰ ተማሪ ዘመኑን ለፈተና ብቻ የሚሸመድደው አይመስለንም።

ስለሆነም ሦስት ነገር እንለምናለን። መምህራን ሆይ፣ በየቅዳሜው ለሁለት ሰዓት የኮምፒዩተሩ ክፍል በአንድ መምህር ተቆጣጣሪነት ይከፈትልን። ጓደኞቻችን ሆይ፣ እያንዳንዳችን ከአያቶቻችን አንድ ታሪክ ፈቃዳቸውን ጠይቀን በደብተር እንጻፍ፤ ጌም ለመሥራት ብንዘገይ እንኳ ታሪኩ አይጠፋም። ወላጆቻችን ሆይ፣ እናንተም ልጃችሁ ጌም ሲጫወት ብታዩ ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ይህ ምን ይናገራል?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚመልሰው ከሌለው ስልኩን ተቀበሉት፤ አንከራከርም። የሚመልሰው ካለው ግን እናንተም የምታውቁትን ንገሩት።