ያየነውን ራሳችን እንጻፈው
(ጅዳ፣ ሂንዳዊያ፣ በእህቶች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ዕረፍት ያላት እህት ዕረፍቷን፣ የሌላት ደግሞ ማዳሟን ለምና ስለመጣች አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጉዞና ስለ አገራችን ታሪክ ቀድመው ስለታተሙ መጻሕፍት ነው። ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል፤ ይገናኛል።

አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ፤ ከመካነ ሥላሴ፣ ከዛሬው ወሎ። እንደ እኛው ሰው አገር የኖሩ ናቸው። በፈረንጅ 1649 ሮም ላይ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል የጀርመን ምሁር ጋር ተዋወቁ። በ1652 ደግሞ ጎታ ወደምትባል የጀርመን ከተማ ተጠርተው ሄዱ። ሉዶልፍ ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። በ1658 ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ መርከቧ ተሰበረችና ባሕር በላቸው። የሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ በላቲን ፍራንክፈርት የታተመው በ1681 ነው፤ እሳቸው ከሞቱ ከ23 ዓመት በኋላ። ሉዶልፍ ስማቸውን አልደበቀም፣ አክብሮ ጽፏል። እሳቸው ግን የታተመውን አይተው «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ አይደለም» ለማለት አልታደሉም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የአገር ልጆች ራሳቸው በአማርኛ ማሳተም ጀመሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ዳግማዊ ምኒልክ» የሚለውን በ1901 ዓ.ም. ሮም አሳተሙ። የመርሐቤቴው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኢየሩሳሌምና ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ «ደስታና ክብር» ብለው አወጡ። ከጅቡቲ የተነሱት በመርከብ ነበር፤ ያለፉትም እኛ ኮርኒሽ ላይ ቆመን በምናየው በዚሁ ቀይ ባሕር ነው። ኅሩይ ጃፓንም ሄደው ያዩትን በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል።

እንግዲህ ንጉሥ ሲሄድ ጸሐፊ ይከተለዋል። እኛን ማን ይከተለናል? ማንም። ስለዚህ እኛው እንጻፍ።

ይሄ ለታሪክ ብቻ አይደለም፣ ለደሞዝም ነው። «የሦስት ወር አልተከፈለኝም» ስትይ «ከመቼ እስከ መቼ?» ትባያለሽ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የሂጅራው 29 ወይ 30። የሂጅራው ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ግድም ያጥራል፤ በሁለት ዓመት ኮንትራት ላይ ሃያ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ፤ የገባሽበትን፣ የተከፈለሽን ሪያል፣ የታመምሽበትን፣ የከፊልሽን ስም። ሻንጣ ተትቶ የሚኬድበት ቀን አለና ገጹን ፎቶ አንስተሽ አገር ቤት ላኪው። ከሒሳቡ ጎንም ያየሽውን ጨምሪ፤ ልጆቻችን እናታችን ጅዳ ምን ሠራች ብለው መጠየቃቸው አይቀርም።

የሚመጣው ዓርብ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ። በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም ይሁን። መጻፍ የማትችል እህት ትናገር፣ ከጎኗ ያለችው ትጻፍላት። ጽፋ ስትጨርስ ግን መልሳ ታንብብላት፤ ያልተባለ ነገር ከገባ ባለታሪኳ እዚያው ታስተካክለው።